ግድግዳው እስኪደርቅ

ባለፈው ነሐሴ እናቴ ከጎንደር ደወለች። ሰላምታውን በቅጡ ሳንጨርስ «ልጄ፣ ግድግዳው አለቀሰ» አለችኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ክረምቱ ጠንክሮ ጣሪያው ያፈሰሰ መስሎኝ ነበር። ጣሪያውስ ደህና ነው። ያለቀሰው የሳሎኑ ግድግዳ ነው። ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ረጥቧል። ቀለሙ ተነፋፍቶ ይረግፋል። ከሥሩም ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ወጥቷል።

ይህን ቤት ያሠሩት አያቴ ናቸው። ድንጋይ በጭቃ ነው። ለብዙ ዓመት እርጥበት አስቸገረን ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ከስድስት ዓመት በፊት ግን እኔ አሳደስኩት። ሥራ ይዤ፣ ትንሽ ገንዘብ ቋጥሬ፣ እናቴን ላስደስት ብዬ ውስጡንም ውጭውንም በሲሚንቶ አስለሰንኩት። ወለሉንም ሊሾ አስደረግኩ። ጎረቤት ሁሉ መረቀኝ። እናቴም «ገና አሁን ቤት ሆነ» አለች።

ያን ግድግዳ ያስለቀሰው የእኔ ልስን ነው። ይህን ያወቅኩት ግን እቤት ሆኜ አይደለም። ፋሲል ግቢ ገብቼ ነው።

ጎንደር ተወልዶ ያደገ ሰው ግቢውን ብዙም አያየውም። በአጠገቡ ያልፋል እንጂ። ትምህርት ቤት ስንመላለስ ግንቡን ተደግፈን በቆሎ እሸት እንበላ ነበር። ፈረንጆቹ አንገታቸውን አቅንተው ፎቶ ሲያነሱ እናያቸዋለን። እኛ ግን ቀና ብለን አናይም። በነሐሴ መጨረሻ የእናቴን ግድግዳ ለማየት ወርጄ፣ ቤቱ ውስጥ ተቀምጬ መቆዘም ሲያቅተኝ፣ ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ። እግሬ ግቢው አደረሰኝ። ዶፍ ይወርዳል። ጎብኚ የሚባል የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ግንቦቹን ዝናብ ሲመታቸው ቆሜ አየሁ።

የጎንደርን አመሠራረት በአፍ የሚተርኩት ሁሉ ከውሃ ነው የሚጀምሩት። አፄ ፋሲል አደን ወጥተው ጎሽ ይከተላሉ። ጎሹ እየመራ ወደ አንድ ኩሬ ያደርሳቸዋል። እዚያ አንድ መናኝ ብቅ ብለው ከተማህን እዚህ ሥራ ይሏቸዋል። ንጉሡም ኩሬውን አስደፍነው ግንቡን በላዩ አቆሙ ይባላል። መዲናው ስሙ በ«ጎ» ይጀምራል የሚል ትንቢት ነበር የሚሉም አሉ። ታሪክ ነው ብዬ አልምልም። ሰው ግን ያለ ምክንያት እንዲህ አይተርክም። የከተማዋ የመጀመሪያ ጥያቄ የውሃ ጥያቄ እንደነበር አያት ቅድመ አያቶቻችን ያውቁ ነበር።

ከተማዋ የተመሠረተችው በ1636 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከዚያ በፊት ለብዙ ዘመን ነገሥታቱ በድንኳን ይዞሩ ነበር። ሠራዊቱ አንድ ቦታ ይሰፍራል። እንጨቱን ይጨርሳል፣ እህሉን ይበላል፣ ይነሣል። እንዲህ የሚኖር ከተማ የውሃን ነገር ብዙ ማሰብ የለበትም። ምንጩ ከደረቀ ድንኳኑን ነቅሎ ይሄዳል። ፋሲል ግን በድንጋይ ሠሩ። በድንጋይ የሠራ ሰው ሌላ ቦታ ውሃ ልፈልግ ብሎ አይነሣም። ከክረምቱም ከበጋውም ጋር እዚያው ተስማምቶ መኖር አለበት።

ቦታውን ልብ ብላችሁ እዩት። ግቢው ያለው ከፍ ያለ ጀርባ ላይ ነው። በአንድ ጎኑ አንገረብ ይወርዳል፣ በሌላው ጎኑ ቀሃ። ሁለቱም ወደ መገጭ፣ መገጭም ወደ ጣና። የዝናቡ ውሃ ሳይተኛ በሁለቱም በኩል ቁልቁል ይወርዳል። ለመጠጥ፣ ለእርሻ፣ ለቆዳ ፋቂው፣ ለከብቱ የሚሆነው ወንዝ ደግሞ ከታች አለ። የጎንደር ክረምት የዋዛ አይደለም። የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርድና የቀረውን ጊዜ ፀሐይ ነው። አንድ ግድግዳ አራት ወር ይቀቀላል፣ ስምንት ወር ይጠበሳል። ፋሲል ግንብ ከ350 ዓመት በላይ እንዲህ ኖሯል።

ምን ይዞት ነው? እኔም ያን ቀን የጠየቅኩት ይህንኑ ነው። መልሱን ያገኘሁት ከአንድ አዛውንት ግንበኛ ነው። በወጣትነታቸው በግቢው እድሳት ላይ ድንጋይ ያቀብሉ ነበር። አሁን ጡረታ ናቸው። ዝናብ ሲጥል ግን ቤት መቀመጥ አይሆንላቸውም። የትኛው አሸንዳ እንደተደፈነ፣ የቱ ጋ ሣር እንደበቀለ ለማየት ይመጣሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ከአንዱ ቅስት ሥር ተጠልለን ነው የተገናኘነው። ስለ እናቴ ግድግዳ ነገርኳቸው።

«በምን ለሰንከው?» አሉኝ።

«በሲሚንቶ፣ አባባ።»

ዝም አሉ። ቆይተው ክንዴን ይዘው ዝናብ ወደማይደርስበት የውስጥ ግድግዳ ወሰዱኝ። ከኪሳቸው የውሃ ፕላስቲክ አወጡ። መዳፋቸው ላይ ጥቂት አደረጉና በሁለት ድንጋዮች መሀል ያለ አሮጌ ነጣ ያለ መያዣ ላይ ረጩት። ውሃው ጠፋ። መያዣው ጠጣው። ትንሽ ጠቆረና ቀረ። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወዲያ ሄደው ግራጫ ወደሆነ፣ በኋላ ዘመን ወደተደፈነ ስንጥቅ ረጩ። ውሃው ተንከባሎ ወረደ።

«ያኛው ኖራ ነው። ይሄ ሲሚንቶ። ሲሚንቶው አልጠጣም ብሎ ወዴት ሰደደው?»

ወደ ድንጋዩ ነበር የሰደደው። ከግራጫው ጥግ ያለው ድንጋይ ጠርዙ ተፈርፍሯል። በጣቴ ነካሁት፣ እንደ ደረቅ ዳቦ ረገፈ። ከኖራው ጎን ያለው ድንጋይ ግን ጠርቡ ገና ስለት አለው።

ስለ ኖራ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ ከዚያ ቀን በፊት ቀለም ብቻ ነበር የሚመስለኝ። ኖራ ከኖራ ድንጋይ ነው የሚገኘው። ድንጋዩ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ እሳት ይቃጠላል። በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የቀረው ነጭ ነገር ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ይንተከተካል። ሲበርድ እንደ እርጎ ይሆናል። ከአሸዋ ጋር ተለውሶ በድንጋይና በድንጋይ መሀል ይገባል። ከዚያ በኋላ አይቸኩልም። ያንን በእሳት ያጣውን ጋዝ ከአየር ላይ ቀስ እያለ እየሳበ፣ በወራትና በዓመታት፣ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ግን ለስላሳ ድንጋይ ነው። ግንቡ ትንሽ ሲሰምጥ አብሮት ይሰምጣል። ቀጭን ስንጥቅ ቢወጣበት የዝናቡ ውሃ ኖራውን እያሟሟ ወስዶ ስንጥቁ ውስጥ መልሶ ያስቀምጠዋል። እርጥበት ሲገባበት ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይተነፍሳል።

ሲሚንቶ በራሱ ክፉ አይደለም። ለብሎኬት፣ ለኮንክሪት፣ ለድልድይ ወርቅ ነው። በአሮጌ ግንብ ላይ ሲሆን ግን ከድንጋዩ ይበልጥ ይጠነክራል። እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ያለው አማራጭ በድንጋዩ በኩል መውጣት ነው። ሲወጣ የተሸከመውን ጨው እዚያው ትቶ ይተናል። የእናቴ ግድግዳ ላይ ያየሁት ነጭ ዱቄት ያ ጨው ነው። ከመሬት የሚወጣው እርጥበት ድሮ በጭቃው አልፎ ይተን ነበር። እኔ ከውስጥም ከውጭም በሲሚንቶ ዘጋሁበት። በወለሉም በኩል ሊሾ ነው። የት ይሂድ?

ኖራን ለግንብ መጠቀም በአካባቢው የተለመደው ከፋሲል አባት ከአፄ ሱስንዮስ ዘመን ጀምሮ ነው። ኢየሱሳውያን ሚስዮኖች በነበሩበት ጊዜ ከሕንድ የመጣ ግንበኛ የኖራውን ድንጋይ አገሩ ላይ እንዳገኘ የዘመኑ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ጎርጎራና ደንቀዝ ላይ ተሞከረ። ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይም የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ፋሲል ሚስዮኖቹን አባረሩ። ኖራውን ግን አላባረሩም። ይህ ውሳኔ ሁሌ ያስደንቀኛል። ሃይማኖታቸውን አልፈልግም፣ ሙያውን ግን እወስዳለሁ አሉ። ወስደውም የራሳቸው አደረጉት። አራቱ ማዕዘን ላይ አናቱ እንቁላል የመሰለ ክብ ማማ፣ ጠርዙ ላይ የጦር ጫፍ የመሰለ ጥርስ፣ መስኮቱ ዙሪያ ቀይ ድንጋይ በቅስት የተደረደረበት፣ ከፍታው ወደ 32 ሜትር የሚደርስ ግንብ። ፖርቱጋል ሠራው የሚለውን ወሬ ልጅ ሆነን ሰምተናል። ፖርቱጋል አገር እንዲህ ያለ ግንብ የለም።

ድንጋዩን የጠረቡትና የደረደሩት እጆች የብዙ ሰው እጆች ናቸው። ከመካከላቸው ቤተ እስራኤላውያን ነበሩበት። በጎንደር ዘመን በግንበኝነት፣ በአናጢነትና በአንጥረኝነት የታወቁ ነበሩ። ልጆቻቸው አሁን እስራኤል ናቸው። ብዙዎቹ በ1991 በአንድ ቀን ተኩል በአውሮፕላን የተጓጓዙት ናቸው። አንዳንዴ ከዚያ ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። የድሮ መንደራቸውን ወለቃን ያዩና ወደ ግቢው ይገባሉ። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ልጇን ግንቡ ጥግ አቁማ፣ መዳፏን ድንጋዩ ላይ አድርጋ «የቅድመ አያቶችሽ እጅ እዚህ አለበት» ስትላት ሰምቻለሁ። በአማርኛ ነው ያለቻት። ልጅቷ በዕብራይስጥ ጠየቀቻት። እናትየው መልሳ በአማርኛ ደገመችላት።

ኖራው በእንቁላል ተለውሶ ነው የሚባለውን አዛውንቱን ጠየቅኳቸው። «ይባላል» ብለው ሳቁ። «ለዚህ ሁሉ ግንብ ስንት ዶሮ ይበቃል?»

ግንቦቹን ያፈረሳቸው ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ብዙ ነው። ቴዎድሮስ ከተማዋን አቃጠሏት። በ1888 ደርቡሾች መጥተው ደግመው አቃጠሏት። በ1941 ጣሊያን በመጨረሻ እዚህ ሲከበብ የእንግሊዝ አውሮፕላን ደብድቦ የኢያሱን ግንብ ጎዳው። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን እሳት ጣሪያውን ነው የሚበላው። ድንጋዩን አይበላም። ጣሪያው ከሄደ በኋላ ሥራውን የሚጨርሰው ውሃ ነው። ጣሪያ አልባ ግድግዳ ከአናቱ ውሃ ይጠጣል። አናቱ ላይ ሣር ይበቅላል፣ ቀጥሎ ቁጥቋጦ፣ ቀጥሎ ዛፍ። ሥሩ ኖራውን እየፈለገ ይወርዳል። የዳዊትንና የበካፋን አዳራሾች አሁን ስታዩ ግድግዳ ብቻ የሆኑት ለዚህ ነው።

ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ግንቦቹን ጠጋግኗል። በሲሚንቶና በብረት ኮንክሪት ነው። በዚያ ጊዜ ዓለም ሁሉ ሲሚንቶን እንደ ተአምር ነበር የሚያየው። ግቢው በ1979 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ዩኔስኮ የረዳው እድሳት ተጀምሮ ነበር። ያኔ የተሠራው ብዙ ሥራ አዲስ ነገር መሥራት አልነበረም። ሲሚንቶውን በመሮ እየፈለፈሉ ማውጣትና በኖራ መተካት ነበር። አዛውንቱ ወጣት ሆነው የሠሩት ይህን ነው። «የደፈኑትን ስንፈታ ኖርን» አሉኝ። በቅርቡም ግቢው ሰፊ እድሳት ተደርጎለታል። ከዓመታት በኋላ ግንቦቹ እንዲህ ጸድተው ሳያቸው ልቤ ሞልቷል። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። እድሳት የምረቃ ቀን አያልቅም። አሸንዳ በየክረምቱ ይደፈናል። ሣር በየመስከረሙ ይበቅላል። የሚያጸዳ ሰው በየዓመቱ ደሞዝ ይፈልጋል።

ግቢው ውስጥ ከግንቦቹ ይልቅ እኔን የሚስበኝ ወሸባው ነው። የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ነው። እሳቱ የሚነድበት፣ እንፋሎቱ የሚታፈንበት ቦታ አሁንም ይለያል። በሽተኛ እዚያ ይገባና ተለይቶ ይታከም ነበር ይባላል። ኮሮና የመጣ ጊዜ «ውሸባ» ሲባል ብዙ ሰው አዲስ ቃል መስሎት ነበር። ለጎንደር ልጅ አዲስ አልነበረም።

ከግቢው ወጥቶ ወደ ቀሃ የወረደ ሰው ደግሞ የፋሲልን መዋኛ ያገኛል። 50 ሜትር በ30 ሜትር ገደማ የሚሆን ገንዳ ነው። መሀሉ ላይ በቅስቶች የቆመ ባለ ሁለት ደርብ ቤት አለ። በድንጋይ ድልድይ ይገባበታል። ዙሪያውን ያለውን አጥር የትልልቅ ዛፎች ሥር እንደ እጅ ጣት ጨብጦ ይዞታል። ዓመቱን ሙሉ ገንዳው ደረቅ ነው። ጥምቀት ሲቃረብ ግን የቀሃ ወንዝ በቦይ ተጠልፎ ይገባበታል። ፓምፕ የለም። ውሃው በራሱ ቁልቁለት ይሄዳል። ገንዳውን ከወንዙ ዝቅ አድርጎ፣ ቦዩን ከገንዳው ከፍ አድርጎ የለካ ሰው ነበረ። በእጁ ምን መለኪያ እንደነበረው አስቡት።

ልጅ ሆኜ የቦዩን አፍ ማየት እወድ ነበር። ከጥምቀት በፊት ባሉት ቀናት ከትምህርት ቤት ቀርተን እንሄዳለን። ውሃው መጀመሪያ ቀጭን ሆኖ ይመጣል። ቅጠል እየገፋ፣ አቧራውን እየላሰ። ገንዳው ወለል ላይ ሲደርስ እንደ ጥላ ይዘረጋል። በነጋታው ቁርጭምጭሚት፣ በሣልስቱ ጉልበት። በዋዜማው ሞልቶ የግንቡ ምስል ተገልብጦ ይታይበታል። ጥር 11 ቀን ጠዋት ካህናቱ ባርከው ሲጨርሱ ያ ሁሉ ወጣት ዘሎ ይገባል። ጥምቀት በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የሚዳሰሰው ግን ያ ቦይ ነው። ቦዩ ከተደፈነ በዓሉ ገንዳ እንጂ ውሃ አይኖረውም።

የከተማዋ ሰፈሮችም የተደረደሩት በከፍታና በውሃ ነው ብዬ አምናለሁ። ግቢው አናት ላይ። እጨጌ ቤትና አቡን ቤት በአቅራቢያው። በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲሰፍሩ ሲወሰን የተሰጣቸው ቦታ ቁልቁል ወደ ቀሃ ነው። ውሳኔው ግፍ ነበር፣ ሌላ ስም የለውም። ሰዎቹ ግን በወንዙ ዳር ነግደው፣ ሸምነው፣ የከተማዋን ገበያ ያቆሙት እነሱ ሆኑ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ሲመጣ ከተማዋን ወደ 10,000 አባወራ ገምቷታል።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ጌራርዶ ቦዚዮ የሚባል አርክቴክት ፕላን አወጣላት። ፒያሳ፣ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማው የዚያ ጊዜ ናቸው። ያም ፕላን ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት የወጣ ነበር። ሕንፃዎቹ ያምራሉ፣ እኔም እወዳቸዋለሁ፣ ቡና የምጠጣው እዚያው ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ። ፒያሳ ያሉት የ1930ዎቹ ሕንፃዎች የጣሪያቸውን ውሃ የሚያወርዱበት ቱቦና የሚያሳልፉበት ቦይ ገና ተጠርጎ ካደረ ይሠራል። ከእነሱ በኋላ እኛ የሠራናቸው ብዙዎቹ ሕንፃዎች ግን ውሃቸውን ጎረቤት ላይ ነው የሚደፉት።

እዚህ ላይ ወደ እናቴ ልመለስ።

ያን ሰሞን እቤት ሳድር ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ቧንቧው ነው። መጀመሪያ ፉጨት፣ ቀጥሎ ማንቋረር፣ ቀጥሎ ጠብ ጠብ። ጎረቤት የቆርቆሮውን በር ትደበድባለች። «እትዬ፣ መጣች! ውሃ መጣች!» እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ባትሪዋን በአፏ ይዛ ቢጫ ጀሪካኖቹን ትደረድራለች። እኔም ተነሣሁ። ሁለታችን እስኪነጋ ቀዳን። አንዱ ሲሞላ ሌላውን፣ እሱ ሲሞላ ባልዲውን፣ በመጨረሻም ሮቶውን። ፈረቃው ነው። ያ ካመለጠ ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ውጭ ግን ዝናቡ እየዘነበ ነበር! በጣሪያው ላይ እየተንጋጋ፣ በኮብልስቶኑ ላይ እንደ ወንዝ እየወረደ። ያ ሁሉ ውሃ ወደ አንገረብ ይሄዳል። እናቴ ግን ለአንድ ጀሪካን እንቅልፏን ትሸጣለች። ያን ሌሊት የተሰማኝን ንዴት እስካሁን አልረሳሁትም።

ከተማዋ ለዓመታት የጠጣችው ከአንገረብ ግድብ ነው። ግድቡ በደለል ተመታ። ከበላዩ ያለው ኮረብታ ተራቁቷል፣ እርሻው እስከ አፋፉ ወጥቷል። በየክረምቱ አፈሩ ታጥቦ ግድቡ ውስጥ ይተኛል። ውሃው ሊይዘው የነበረውን ቦታ አፈር ያዘው። ሕዝቡ ደግሞ በየዓመቱ ይጨምራል። የመገጭ ግድብ ያድነናል ተብሎ ስንት ዓመት ጠበቅን። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ግን አንድ ግድብ ከበላዩ ካለው ተራራ ተለይቶ እንደማይድን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ዛፍ የሌለው ተራራ ሥር ግድብ መሥራት ጣሪያ የሌለውን ግንብ መለሰን ማለት ነው።

አሁን የኮሪደር ልማቱ መጥቷል። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛው መሄጃ ተነጥፏል፣ ማታ መብራቱ ያምራል። እናቴ ማምሻውን ወጣ ብላ ትቀመጣለች፣ ድሮ አታደርገውም ነበር። ደስ ብሎኛል። ስሄድ ግን ዓይኔ የሚፈልገው ቦዩን ነው። ድንጋይ ያልተነጠፈበት አፈር ዝናቡን ይጠጣል። የተነጠፈው አይጠጣም፣ ወደ ታች ይሰደዋል። ታች ያለው ማን ነው? አሁንም ወደ ቀሃና ወደ አንገረብ የወረደው ድሃ ነው። የአስፋልቱ ጥራት በዓይን ይታያል። የቦዩ ስፋት የሚታየው ግን ነሐሴ ላይ ነው።

አፄ ፋሲል ሰባት ድልድይ አሠሩ ይባላል። ቁጥሩን ልተወው። ከጎንደር በሚያወጡት መንገዶች ላይ ግን የዚያን ዘመን ድልድዮች አሉ፣ በኖራ የተያያዙ፣ ክረምት ሲሞላ ወንዙ እስከ ቅስቱ የሚደርስባቸው። ግንብ ከመሥራት ባልተናነሰ ለድልድይ የሚጨነቅ መንግሥት ነበረን። ግንቡን በፖስት ካርድ ላይ እናትማለን። ድልድዩን የሚያትም አላየሁም።

በማግስቱ አዛውንቱን እቤት ጋበዝኳቸው። እናቴ ቡና አፈላች። እሳቸው ግን ከመቀመጣቸው በፊት ግድግዳውን በጉልበታቸው ተንበርክከው አዩት። አሸተቱት። «ይነሣ» አሉ። እናቴ ደነገጠች። «ኧረ አባቴ፣ ስንት ብር የወጣበት!» «እኅቴ፣ ካልተነሣ ድንጋዩ ያልቃል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ሥራውን ነገሩኝ። የሲሚንቶው ልስን እስከ ወገብ ድረስ በመሮ ይነሣል። ከውጭ በኩል ግድግዳው ሥር ቦይ ይቆፈራል፣ ጠጠር ይሞላበታል። ከዚያ ዝም ብሎ ይተዋል። እስከ ጥር ድረስ ማንም አይነካውም። ሲደርቅ በኖራ ይለሰናል። «እንዳትቸኩል» አሉኝ። «ስድስት ዓመት የጠጣው በአንድ ሳምንት አይደርቅም።»

ልስኑን ሲያነሡ አጠገባቸው ነበርኩ። አንዱን ትልቅ ቁራጭ ሲገነጥሉት ከጀርባው አያቴ ያስደረጉት ጭቃ ወጣ። ጭዱ ገና ወርቃማ ነው። የአንድ ሰው የእጅ ጣቶች ምልክት ታትሞበታል፣ አራት ጣት፣ ጭቃውን ሲለጥፍ የቀረ። እናቴ ያን ስታይ ዝም ብላ ቆመች።

ለጥምቀት ተመልሼ ሄድኩ። ከተራ ዕለት ታቦታቱን ሸኝተን፣ ገንዳው ሞልቶ አይተን፣ አመሻሽ ላይ እቤት ገባን። እናቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ ቀጥታ ወደ ሳሎኑ ግድግዳ ሄደች። መዳፏን ከላይ አሳረፈች። ቀስ እያለች ወደ ታች ወረደች፣ እስኪያጎነብሳት ድረስ።

«እዚህ ጋ ደርቋል» አለችኝ። «ከታች ገና ነው።»

ከዚያ ግድግዳው ሥር የተደረደሩትን ጀሪካኖች አንድ በአንድ አንሥታ ወደ በረንዳው አወጣቻቸው።